ልጆች ስለ ቤታቸው ሲነግሩን

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ሥራችን ሥነ ምግባር ላወራ ነው፤ አይዟችሁ፣ እንደ ስልጠና አይደለም፣ ስልጠናውንስ ሁላችንም ጠግበናል። የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጆች ስለ ቤታቸው ስለሚነግሩን።

ኬጂ ያስተማረ ሰው ያውቀዋል። የአራት ዓመት ልጅ ሚስጥር መያዝ አይችልም። ጠዋት ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተን ተቀምጠን «ላም ምን ትሰጠናለች?» ስንል አንዱ እጁን ያወጣና «ሚስ፣ ማሚ ማታ ስታለቅስ ነበር» ይላል። ሌላዋ ትቀበላለች፦ «እኛን ደግሞ አከራያችን ውጡ ብላናለች!» በቃ፣ ወተቱ ቀረ።

የማን ቤት ኪራይ እንዳልተከፈለ፣ የማን አባት ሶፋ ላይ እንደሚያድር፣ የማን አያት ከማን ጋር እንደተኳረፉ እናውቃለን። ወላጆቹ ግን ማወቃችንን አያውቁም። በር ላይ «ደህና አደርሽ ሚስ» ብለውን ያልፋሉ።

እውነቱን እንነጋገር። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ሻይ ሰዓት ላይ ይወራል። «የእንትናን አባት ጉድ ሰማሽ?» ይባላል፣ ጸሐፊዋ ትሰማለች፣ ጥበቃው ይሰማል፣ ከዚያ እናትየው ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ግቢው በሙሉ በአዘኔታ ያያታል፣ እሷ ደግሞ ምን ሆነው ነው ትላለች። አብዛኛው ከክፋት የሚመጣ አይደለም፣ እንዲያውም አዝነን ነው። ግን የተካፈልነው የሰው ገመና ነው። ያውም ልጅ አምኖን የነገረንን። ሐኪም የታካሚውን ጉዳይ ቡና ላይ ቢያወራ ዝም እንላለን እንዴ?

«እሺ፣ አፋችንን እንዝጋ» ብላችሁ እንዳትገላገሉ ደግሞ፣ አንዳንዱ ነገር ዝም የሚባልበት አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት መምህራን ማኅበር በፈረንጆቹ 1989 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ አለ። ከሁሉ የሚቀድመው መርህ ልጅን አትጉዱ የሚል ነው። የቤተሰብን ሚስጥር ጠብቁም ይላል፤ የልጁ ደኅንነት አደጋ ላይ ነው የሚያሰኝ ምክንያት ካላችሁ ግን ለሚመለከተው አካል መንገር ይፈቀዳል። የኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ላይ ስለ ሕፃናት በሚወሰን ነገር ሁሉ የልጁ ደኅንነት ይቅደም ይላል። ጥሩ ነው። ግን የቱ ወሬ የቱ ደግሞ አደጋ እንደሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ክፍል ሙሉ ልጅ እየጮኸብሽ፣ አንቀጽ አይነግርሽም።

እኔን የረዳኝ ደብተር ነው። ልጁ ያለውን በራሱ ቃል እጽፋለሁ፤ ቀኑን፣ ምን እየሠራ እንደነበር። የኔን ግምት አልጨምርም። ለምሳሌ፣ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ፦ «ማክሰኞ ጠዋት። መኪና እየነዳ። ‹አባዬ በሩን መታው፣ እኔ አልጋ ሥር ገባሁ› አለ። መጫወቱን ቀጠለ።» አለቀ። «አባቱ ኃይለኛ ነው» ብዬ አልጽፍም፤ አላየሁማ። በሩ እምቢ ብሎት ይሆናል። ድብብቆሽ እየተጫወቱም ይሆናል። ግን ያ አልጋ ሥር የሚለው ነገር ሌላ ቀን ከተመለሰ፣ በር ጓ ሲል ልጁ የሚደነግጥ ከሆነ፣ ገጹን ስገልጥ አንድ ላይ ይታየኛል። ያኔ ለርዕሰ መምህሯ ብቻ ይዤ እገባለሁ፤ ካስፈለገ ከዚያ ወደ ወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ወይም ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ገላው ላይ ምልክት ካየሁ ግን ደብተር ምናምን የለም፣ የዚያኑ ቀን ነው።

ሌላው አጠያየቃችን ነው። «አባዬ መታህ እንዴ?» አይባልም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ትልቁን ሰው ደስ ለማሰኘት ብቻ አዎ ሊል ይችላል፣ ከዚያ በኋላ እሱ ያየውንና እኛ ያቀበልነውን ማን ይለየዋል? «እሺ፣ ከዛስ?» ይበቃል። «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባትም የለም፤ መናገር ሊኖርብን ይችላላ።

ይሄ ሁሉ በአንድ ሴሚስተር የሚለመድ አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ ሥራው እንደ መሸጋገሪያ መታየቱ ነው። ዘመድ ባገኘኝ ቁጥር «እስከ መቼ ኬጂ? ወደ ላይኛው ክፍል አትወጪም?» ይለኛል፤ ዕድገት ማለት ከሕፃናቱ መራቅ ይመስል። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ባንድ ላይ የቀዳማይ ልጅነት የፖሊሲ ማዕቀፍ ካወጡ ወዲህ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚገባበት ኦ ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፣ ልጆቹም ገቡ። አስተማሪዋ ግን አሁንም ለጊዜው የቆመች ሰው ተደርጋ ነው የምትታየው፣ ደመወዟም ያንኑ ይናገራል። ነገ ልሄድ ነው የምትል ሰው ደግሞ የማን ልጅ በር ሲጮህ እንደሚደነግጥ በምን ታውቃለች?

አንድ ያልጨረስኩት ነገር አለ። የተለያዩ ወላጆች። አባትየው መጥቶ ረጋ ብሎ «እናቱ ጋ ማን እንደሚመጣ ነግሮሻል?» ይላል። በማግስቱ እሷ ትመጣና ስለ እሱ ትጠይቃለች። እኔ የምመልሰው አንድ ነው፦ ልጁ ዛሬ ምሳውን በልቷል፣ ተኝቷል፣ ከጓደኛው ጋር ተጣልቶ ታርቋል፤ የእናንተን ነገር እናንተው ተነጋገሩ። ግን እሱ የሚጠይቀው ለልጁ ሠግቶ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው አነባቸዋለሁ። የልጅ ስም ግን እንዳትጽፉ። ቻው።