«መግቢያ በነፃ» ስንል፡ የዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ መክፈቻ ንግግር

እሺ እንግዲህ፣ ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ኑ፣ ወንበር ሞልቷል። ኮንሰርት ሲሆን የፊቱን ረድፍ ስትሻሙበት የምታመሹት እናንተው ናችሁ፣ ስብሰባ ሲሆን ደግሞ ግድግዳ ተደግፋችሁ ትቆማላችሁ፣ ምን እንደሚነካችሁ እንጃ።

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ሙዚቀኞቻችን፣ በፀሐይ ሲለበለቡ ውለው ማታ ደግሞ ኬብል ሲጠቀልሉ የሚያመሹት በጎ ፈቃደኞቻችን፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ፕሮቶኮሉ እዚህ ጋ አለቀ፣ ወደ ወሬያችን ልግባ።

ባህር ዳርቻ ላይ የምናዘጋጀው የበጋው የጃዝና የብሉዝ ኮንሰርት እንዴት ነበር ለሚለኝ ሰው አንድ መልስ የለኝም። የሆነላቸው ምሽቶች ነበሩ፣ ከባህር የወጣው ሰውዬ ጫማውን በእጁ እንዳንጠለጠለ፣ እግሩ ገና አሸዋ እንደለበሰ፣ ለአምስት ደቂቃ ልስማ ብሎ ቆሞ እስከ መጨረሻው ዘፈን ሳይቀመጥ የቀረበት ምሽት፣ ልጆች ስቴጁ ስር ሲዘሉ ድራመሩ ለነሱ ብሎ ምቱን ያፈጠነበት ምሽት። ያልሆነላቸውም አሉ፣ ዝናቡ ሳይነግረን መጥቶ ስፒከር በላስቲክ ስናለብስ ያመሸንበትን ቀን የምትረሱት አይመስለኝም፣ እኔ በበኩሌ ወገቤ አልረሳውም። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን በሪፖርቷ ታቀርብላችኋለች፣ እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ አንዲት ቃል ነው፣ ፖስተራችን ላይ በትልቁ ስለምንጽፋት «ነፃ» ስለምትለዋ።

በዚህች ቃል እኮራለሁ፣ ይታወቅልኝ። ግን ሰው ሲያነባት ሁሉም ነገር በነፃ የመጣ ይመስለዋል። ስቴጁ በነፃ አልመጣም፣ ስፒከሩና ሚክሰሩ በነፃ አልመጡም፣ የጄነሬተሩ ነዳጅ፣ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤቱ፣ ኢንሹራንሱ፣ ጥበቃው፣ ንጋት ላይ አሸዋውን የሚያጸዳው ሰው፣ ሁሉም ሂሳብ አላቸው። የዘፈኑ ደራሲ እንኳን አለ፣ በብዙ አገር መግቢያው ነፃ ስለሆነ ብቻ የደራሲ መብት ክፍያ አይቀርም። እነዚህ ሁሉ ደረሰኝ ይዘው ይመጣሉ፣ ደረሰኝ ያለው ነገር ደግሞ ወደድንም ጠላንም ይከፈላል። በጀት ሲያጥረን ታዲያ ከየት ነው የምንቆርጠው? ደረሰኝ ከሌለው ሰው ላይ፣ ከሙዚቀኛው ላይ ነዋ። «ለናንተም እኮ ማስታወቂያ ነው፣ ስንት ሰው ያያችኋል» ምናምን እንለዋለን።

እኔ ራሴ ብያለሁ፣ ሌላ ሰው አላማም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ አንድ ሳክስፎን ተጫዋች ከባንዱ ጋር ሊጫወት መጥቶ ሳውንድ ቼክ፣ የድምፅ ሙከራውን ማለቴ ነው፣ ጨርሰው ቁጭ ብለው ሳለ ጠጋ አልኩና እንደማፍር ሆኜ፣ ያው ዘንድሮ እጃችን አጥሯል፣ እንደ ማስታወቂያ ቁጠሩት አልኩት። ሰውዬው አልተቆጣም፣ አፉ ውስጥ ያረጠባትን ሪድ፣ ሳክስፎኑ አፍ ላይ የምትታሰረዋን ስስ ሸንበቆ፣ አውጥቶ አያት አያት አደረጋትና «ጄነሬተሩን ያመጣው ሰውዬም ለማስታወቂያ ነው የመጣው?» አለኝ። ዝም አልኩ። የዚያን ማታ ተጫወተ፣ ያውም እንዴት አድርጎ፣ ከዚያ ወዲህ ግን አልመጣልንም። ስደውልለት ስልኩን ያነሳል፣ የቤተሰቤን ደህንነት ይጠይቃል፣ ቀን ስነግረው «ስራ አለብኝ» ይላል። ይሄን ያህል ዓመት በአንድ ቀን ስራ ሲያዝበት ገርሞኝ አያውቅም።

ይሄ ጭቅጭቅ በኛ የተጀመረ አይደለም። የባህር ዳርቻ ጃዝ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀሰው አሜሪካን አገር ሮድ አይላንድ ውስጥ ያለው ኒውፖርት ነው፣ የሃብታሞች ማረፊያ የሆነች ከተማ፣ በ1954 የኮንሰርት አዘጋጁ ጆርጅ ዊን ሃብታሞቹ ከሆኑት ከሎሪላርድ ባልና ሚስት ጋር ሆኖ የጃዝ ፌስቲቫል የጀመረባት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።) በ1960 ቻርልስ ሚንገስና ማክስ ሮች፣ ሁለቱም ትልልቅ ሙዚቀኞች፣ ገንዘቡ ለጥቂት ስመ ጥሮች ብቻ ነው የሚሄደው፣ ለሌላው ሙዚቀኛ የሚከፈለው የማይረባ ነው ብለው ተቆጡና እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በዚያው ቅዳሜና እሁድ፣ ክሊፍ ዎክ ማኖር የሚባል ሆቴል ላይ የራሳቸውን ፌስቲቫል ከፈቱ። እስኪ አስቡት፣ ከተማዋ ውስጥ ዋናው ፌስቲቫል እየተካሄደ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ያኮረፉት የራሳቸውን ሲያስነኩት። እኛ ቢያንስ የኛ ሳክስፎኒስት ማዶ ሄዶ ሌላ ስቴጅ አልተከለብንም።

የዚያ ሳምንት ጉድ በዚህ አላበቃም። ቅዳሜ ማታ ቦታ ሞልቶ መግባት ያልቻሉ በሺ የሚቆጠሩ ወጣቶች ከተማውን በጠበጡት፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ናሽናል ጋርድ የሚባለው ተጠባባቂ ጦር ሁሉ ተጠራ፣ የከተማው ምክር ቤትም ተሰብስቦ ፌስቲቫሉ ይዘጋ ብሎ ወሰነ። እሁድ ከሰዓት የነበረችው የብሉዝ ፕሮግራም ግን ተፈቀደላትና የብሉዝ ዘፋኙ መዲ ዎተርስ ከነባንዱ ወጥቶ ተጫወተ። ገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ እዚያው ነበርና የፌስቲቫሉን መዘጋት ሲሰማ ባለው ወረቀት ላይ የስንብት ብሉዝ ጽፎ ሰጣቸው፣ የመዲ ፒያኒስት ኦቲስ ስፓንም እዚያው ዘፈነው። ይሄን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል፣ ሰው ለሚዘጋበት ፌስቲቫል ራሱ ዘፈን ሲጽፍለት።

በ1971 ደግሞ እዚያው ኒውፖርት ቲኬት ያልያዙ ሰዎች አጠገቡ ካለው ኮረብታ ላይ ሆነው ሲሰሙ ቆዩና አጥሩን ጥሰው ገቡ፣ ስቴጁን ወረሩት፣ ፕሮግራሙ ተቋረጠ፣ ፌስቲቫሉም በዓመቱ ወደ ኒውዮርክ ሄደ። ወደ ኒውፖርት የተመለሰው በ1981 ነው። አስር ዓመት ሙሉ።

ይሄን ሁሉ የማወራው ታሪክ ለማስተማር አይደለም። ዘንድሮ አንድ ስፖንሰር፣ ስሙን አልጠራም፣ ደህና ገንዘብ ይዞልን መጥቶ ነበር። የሚፈልገው ደግሞ ቀላል ነገር ነው፣ ከስቴጁ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ይታጠርና ለሱ እንግዶች ቪአይፒ ይሁን፣ ሌላው ሰው ከዚያ ኋላ ይቁም። የስራ አመራር ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ብልጫ እምቢ አለ። እምቢ ካሉት አንዱ እኔ ነኝ፣ ተቃውሞ ካላችሁ ጥያቄና መልስ ላይ አንሱብኝ። አሸዋው የሁሉም ነው፣ አጥር ካጠርክ ደግሞ ከአጥሩ ውጪ የቀረውን ሰው ፊት ስታይ ነው የምታመሸው። በርግጥ አጥር ስለሌለን ችግር የለብንም ማለት አይደለም፣ ማዕበሉ ሲሞላ ቦታው በግማሽ ይጠባል፣ ሰዉ ግን በግማሽ አይቀንስም፣ በሚቀጥለው በጋ ቀን ስንመርጥ የማዕበሉን ሰንጠረዥ ቀድመን እንድናይ እለምናለሁ።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ሌሎች እንዴት እንደሚያደርጉት ዞር ዞር ብዬ አይቻለሁ። የቺካጎ ብሉዝ ፌስቲቫል ከ1984 ጀምሮ መግቢያው ነፃ ነው፣ ከጀርባው ግን የከተማ አስተዳደሩ አለ፣ እኛ እንደዚያ ያለ አባት የለንም። ለኛ የሚቀርበው የስፔኑ ሳን ሴባስቲያን ነው መሰለኝ፣ ከ1966 ጀምሮ ያለ ፌስቲቫል ነው፣ አንዳንዱ ኮንሰርታቸው በቲኬት ነው፣ ዙሪዮላ በሚባለው ባህር ዳርቻ ላይ የሚደረገው ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ስለዚህ ሃሳቤ ይሄ ነው፣ በክረምቱ ወራት አዳራሽ ውስጥ በቲኬት የተወሰኑ ምሽቶች እናዘጋጅ፣ የዚያ ገቢ ሳይነካ ለበጋው ሙዚቀኞች ይቀመጥ። ይሄም ካልበቃ የምሽቶቹን ቁጥር እንቀንስ። አዎ፣ እንቀንስ፣ ሰምታችሁኛል። ለስድስት ባንድ ግማሽ ከመክፈል ለሦስት ባንድ ሙሉ መክፈል ይሻላል፣ በጀቱ ሲሰራም የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚጻፈው የሙዚቀኛው ክፍያ ይሁን፣ ስቴጁ ሁለተኛ ይሁን። አነስ ያለ ስቴጅ ላይ ጥሩ ባንድ ሲጫወት ሰምቻለሁ፣ ትልቅ ስቴጅ ብቻውን ሲጫወት ግን ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፣ ሳውንድ። ብዙዎቻችሁ «ከኋላ አይሰማም» ትላላችሁ፣ ሳውንድ ማኑም ይሰደባል፣ ሰውዬው ግን ግማሹን ጊዜ የሚታገለው ከንፋስ ጋር ነው። ቀን ላይ የብሱ ከባህሩ ቶሎ ስለሚሞቅ አየሩ ወደላይ ይወጣና በሱ ቦታ ከባህር ቀዝቀዝ ያለ ንፋስ ይገባል፣ ሲመሽ ደግሞ የብሱ ቶሎ ይቀዘቅዝና ነገሩ ይገለበጣል። ስቴጃችን ጀርባውን ለባህሩ ስለሰጠ ከሰዓት በኋላ ድምፁን ከንፋሱ ጋር ነው የምንለቀው፣ ንፋሱ ድምፁን ወደመሬት ጎንበስ ያደርግልናል፣ እስከ ላይኛው መንገድ ድረስ ይሰማል። ሲጨልምና ንፋሱ ሲዞር ድምፁ ወደላይ ይታጠፍና ኋላ ባለው ሰው አናት ላይ ያልፋል፣ ያኔ ነው «ከፍ አድርጉት» የሚባለው፣ ከፍ ሲደረግ ደግሞ ፊት ያሉት ጆሯቸውን ይይዛሉ። ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ክፍት ቦታ ላይ ድምፅ ወደ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይቀንሳል፣ በጉልበት የሚካካስ ነገር አይደለም። መፍትሄው መሃል ላይ ተጨማሪ ስፒከር መትከልና እሱን ትንሽ ማዘግየት ነው፣ ድምፅ 34 ሜትር ለመሄድ አንድ አስረኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ መሃሉን ካላዘገየኸው ኋላ ያለው ሰው አንድን ምት ሁለቴ ይሰማታል። ስለዚህ የስፒከር ኪራይ ጥያቄ ሲመጣ «ደሞ ሌላ ስፒከር?» እንዳትሉኝ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ፒያኖ ይምጣ የምትሉ አላችሁ፣ እውነተኛው፣ የእንጨቱ። አንዴ አምጥተን አይተነዋል፣ ከሰዓት የተቃኘው ፒያኖ እርጥበቱ ገብቶበት ማታ ሌላ ፒያኖ ሆኖ ጠበቀን። ሲቀዘቅዝ የጊታሩ ክር ይወጠርና ድምፁ ከፍ ይላል፣ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ደግሞ ውስጣቸው ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ዝቅ ይላሉ፣ አንደኛው ሽቅብ ሌላኛው ቁልቁል፣ መሃል ላይ ፒያኖው ግራ ገብቶት ቁጭ። ኪቦርድ ይበቃናል። የተከፋችሁ ይቅር በሉኝ።

በመጨረሻ ያቺ የማያልቅ ክርክራችን። የጃዝ ወገኖች ብሉዝ በዛ ትላላችሁ፣ ሦስት ኮርድ ብቻ እየደጋገመ ምኑ ይሰማል እያላችሁ፣ የብሉዝ ወገኖች ደግሞ ጃዙ ለአዋቂ ነን ባይ ነው ትላላችሁ። እኔ ሁለታችሁንም በ1956 ኒውፖርት ወደሆነው ነው የምመልሳችሁ፣ ዱክ ኤሊንግተን ከነትልቁ ባንዱ ሲጫወት ሳክስፎኒስቱ ፖል ጎንሳልቬስ ለሶሎ ተነሳና 27 ዙር ሳያቆም ተጫወተ፣ ተቀምጦ የነበረው ሰው ተነስቶ መደነስ ጀመረ። ያ 27 ዙር ምን ላይ ነበር መሰላችሁ? ባለ 12 ባሩ ብሉዝ ላይ፣ ባር ማለት ምት የሚቆጠርበት ክፍል ነው፣ አንዱ ዙር 12 አለው። ቁጠሩት፣ 324 ባር ነው። ጃዝ ሰው ሆነ ካልን እናቱ ማን እንደሆነች ይታወቃል፣ ይሄን እኔ ነኝ የምለው። ጃዝ ቤቱ ሲሰፋም ማንንም አላስወጣም፣ የኛው ሙላቱ አስታጥቄ አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶች ይዞ ገብቶ ኢትዮ ጃዝን ሲሰራበት ማንም በር አልዘጋበትም፣ በ1973 ኤሊንግተን ራሱ አዲስ አበባ መጥቶ ከሱ ጋር ተጫውቷል።

ለፕሮግራሙ ግን የማስተውለው ነገር አለ። መንገደኛን የሚያስቆመው ብሉዝ ነው። ግጥሙ አንዷን መስመር ይላታል፣ ይደግማታል፣ ከዚያ መልሱን ይሰጣል፣ ስለዚህ ዘግይቶ የደረሰ ሰው እንኳን ምንም አያመልጠውም። ያቆመውን ሰው ደግሞ ጃዙ ያስቀምጠዋል። እና ብሉዙ ፀሐይ ሳትገባ ይጀምር፣ ጃዙ ከጨለመ በኋላ ይምጣ ነው የምለው፣ ፕሮግራም ኮሚቴው ካልተስማማ ግን እተዋለሁ፣ በዚህ አልጣላም።

በክፍያው ጉዳይ ግን እጣላለሁ። የውሳኔ ሃሳቡ ታትሞ ወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው፣ ከሻይ እረፍት በኋላ እጅ በማውጣት ድምፅ እንሰጣለን። ከናንተ ውስጥ ሙዚቀኛ የሆናችሁም ድምፅ ትሰጣላችሁ ወይስ የጥቅም ግጭት ነው የሚል ጥያቄ ቀርቦልኛል፣ መተዳደሪያ ደንባችን አባል ሁሉ ድምፅ አለው ነው የሚለው፣ አበቃ።

አሁን ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሂሳብ ያቀርቡልናል። ጋሼ፣ ይምጡ፣ ማይኩን ጠጋ አድርገው ይያዙት፣ ከኋላ አይሰማም።