አውራው ከሞተ በኋላ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ዶሮ ነው። ሰሞኑን ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

አውራ ዶሯችን ሞተ። ታሞ ነበር፣ ብዙም አልቆየ። ረጋ ያለ ነበር። ጥሬ ሲያገኝ ራሱ ከመብላቱ በፊት ሴቶቹን የሚጠራ። ወዲያው በልቤ የመጣው ጥያቄ «በቃ፣ ዘሩ ቀረ ማለት ነው?» የሚል ነበር።

አልቀረም። ለጊዜው ቢያንስ አልቀረም። አንዲት ዶሮ ከአውራ ጋር ከተገናኘች በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ዘር የያዘ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ሦስት ሳምንት የምትደርስም አለች፣ አልፎ አልፎም ከዚያ የምትዘልቅ። ያውም አውራው በአካባቢው ሳይኖር።

እንዴት ሆኖ? በእንቁላል ቧንቧዋ ውስጥ፣ ቅርፊቱ ከሚሠራበት ክፍል ዝቅ ብሎ፣ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ኪሶች አሉ። የአውራው ዘር እዚያ ገብቶ ይቀመጣል። ሁሉም አይደርስም፣ በጣም ጥቂቱ ብቻ ነው የሚደርሰው። የደረሰው ግን 41 ዲግሪ አካባቢ በሆነ የሰውነት ሙቀት ውስጥ ለቀናት በሕይወት ይቆያል። እኔን የሚደንቀኝ ይሄ ነው። ብዙ አጥቢ እንስሳት እኮ ዘራቸውን የሚያመርቱት ከሰውነታቸው ወጣ ባለ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ነው። የአውራ ዶሮ ግን ሁሉም ነገር እዚያው ሆዱ ውስጥ ነው።

ከኪሶቹ ዘሩ የሚወጣው በአንድ ጊዜ አይደለም። ጥቂት በጥቂት እየወጣ ወደ ላይ፣ ወደ ቧንቧው አፍ ይጓዛል። አስኳሉ ከሚያድግበት ቦታ፣ ከእንቁልጢዋ ተላቆ እዚያ አፍ ላይ ሲያርፍ ነው የሚገናኙት። ያለው ጊዜ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያ ነጩ ፈሳሽ አስኳሉን መሸፈን ይጀምራል፣ በሩም ተዘጋ። የቀረው ሥራ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል፣ ቅርፊቱ ብቻውን 20 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ያነሣችሁት እንቁላል ዕጣው የተቆረጠው ትናንት ነው።

አቅሙ ታዲያ እስከ መጨረሻው እኩል አይዘልቅም። በመጀመሪያው ሳምንት አብዛኛው እንቁላል ዘር ይይዛል፣ በሁለተኛው እየቀነሰ ይሄዳል፣ በሦስተኛው የሚገኘው በዕድል ነው። ዶሮዋ ስታረጅም የማቆየት አቅሟ ይደክማል። ዳክዬ ከዶሮ ያነሰ ጊዜ ነው የምታቆየው። ተርኪ ደግሞ ለብዙ ሳምንታት።

እኔም አውራው በሞተ ሰሞን የተጣሉትን እንቁላሎች ለይቼ አስቀመጥኩ። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጌ። ከሳምንት በላይ ባይቆዩ ይመረጣል፣ የመፈልፈል አቅማቸው ይወርዳል። አንዱን ግን ሰበርኩት፣ ማየት ነበረብኝ። አስኳሉ ላይ ነጭ ነጥብ አለች፣ በየትኛውም እንቁላል ላይ አለች። ዘር ያልያዘው ላይ ጠጠር ያለች፣ ጠርዟ የተዛባ ትንሽ ነጥብ ናት። ዘር የያዘው ላይ ሰፋ ትልና ክብ ቀለበት ትሠራለች፣ መሃሏ ፈዘዝ ያለ። የእኔው ቀለበት ነበረው። ዝም ብዬ ቆሜ አየሁት። እሱ የለም፣ ሥራው ግን ቀጥሏል።

የቀሩትን መታቀፍ ለጀመረችው ዶሮ ሰጠኋት። ሳምንት ሲሞላቸው በጨለማ ክፍል ባትሪ ከሥር እያበራሁ አያቸዋለሁ። ሕይወት ያለው ቀያይ ደም ሥሮች ያሳያል፣ የሌለው ጥርት ብሎ ብርሃን ያሳልፋል። ጫጩት ለማየት 21 ቀን ነው።

ነገሩ ሌላም ጎን አለው። አዲስ አውራ ብታስገቡ የቀድሞው ዘር ገና ውስጧ ሊኖር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው በቅርብ የሰረራት ነው፣ ግን ዋስትና የለም። የጫጩቶቹን አባት በእርግጠኝነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው አሮጌውን ካወጣ በኋላ ሦስት፣ አራት ሳምንት ይጠብቅ።

በዚህ ላይ ሴቷም ድርሻ አላት። በ2000 የታተመ አንድ ጥናት፣ ለቀቅ ብለው በሚኖሩ ዶሮዎች ላይ የተሠራ፣ ሴቶቹ በመንጋው ውስጥ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው አውራ ሲሰርራቸው ዘሩን ይበልጥ መልሰው እንደሚያስወጡት አሳይቷል። ስለ እርባታ ስናወራ ሁሌ ስለ አውራው ነው የምናወራው። ቁመቱ፣ ላባው፣ ጉልበቱ። የምታስቀምጠው፣ የምትመርጠው፣ ቀስ እያለች የምትጠቀምበት ግን እሷ ናት። ይሄ ሲነሣ መስማት እፈልጋለሁ።

አዲስ አውራ ለማምጣት አልቸኩልም። ከሞተበት ቀን አራት ሳምንት ይሙላ። አዲሱ ከገባ በኋላም የመጀመሪያው ሳምንት እንቁላል ለምግብ ይሆናል፣ ለማስታቀፍ የምሰበስበው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።