ስምንት ወንበር፣ አንድ ባንኮኒ
ለባርና መስተንግዶ ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ሠልጣኞችና አሠልጣኞች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ ማታ የምናወራው ስለ ጃፓን የሰፈር ኮክቴል ቤት ነው። በቶኪዮ የጊንዛ ሰፈር ያሉትን ዝነኛ ቤቶች እንተዋቸው። ከባቡር ጣቢያ ትንሽ በእግር ተኪዶ፣ በጠባብ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ቤት እንውሰድ። በሩ ድፍን ነው፤ ውስጡ ከውጭ አይታይም። ስምንት ወይም አሥር ወንበር፣ አንድ ረጅም ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ጀርባ አንድ ሰው። ደንበኞቹ «ማስተር» ይሉታል፤ እኛ የቤቱን ባለቤት «ጋሼ» እንደምንለው። የሚቀዳውም፣ የሚያጥበውም፣ ሂሳብ የሚቀበለውም እሱ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ስምንት እንግዳ ሳያጉላላ የሚያስተናግደው፣ አብዛኛውን ሥራ በሩ ሳይከፈት ስለጨረሰ ነው።

በበረዶው ልጀምር፤ ከሁሉ አብልጠን የምንንቀው እሱን ነውና። የቤት ፍሪዘር ውሃውን ከየአቅጣጫው በአንድ ጊዜ ያረጋዋል። በውሃው ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣና መሐል ላይ ይታፈናል፤ ነጭ ሆኖ የሚታየው ያ ነው። እንዲህ ያለ በረዶ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ቶሎ ይቀልጣል፣ መጠጡንም ያቀጥነዋል። የጃፓን በረዶ አምራቾች ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ፣ ውሃውን እያንቀሳቀሱ፣ ሁለት ሦስት ቀን ወስደው ያረጉታል። አየሩ ተገፍቶ ይወጣና መስተዋት የመሰለ ግግር ይቀራል። ማስተሩ ግግሩን በመጋዝ ይቆርጠዋል፣ በሦስት ጥርስ መውጊያ ይከፋፍለዋል፣ ከዚያ በፎጣ መዳፉ ላይ ይዞ ጠርቦ ያድበለብለዋል። ለውስኪ ብርጭቆ ስፋቱ ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከፍሪዘር እንደወጣ መጠጥ ካፈሰሳችሁበት ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ላዩ አመዳይ እንደለበሰ ከሆነ ገና ነው፤ ረጥቦ ማብረቅረቅ ሲጀምር ደርሷል።

እንግዳው ሲገባ ማስተሩ ቀና ብሎ ይቀበለውና የሚቀመጥበትን ያሳየዋል። እንግዳ ቦታውን ራሱ አይመርጥም። ወዲያው «ኦሺቦሪ» የሚሉት እርጥብ ፎጣ ይመጣል፤ በብርድ ጊዜ ትኩስ፣ በሙቀት ጊዜ ቀዝቃዛ። ጥቅልሉን ፈታ አድርጎ እጁ ላይ ይሰጠዋል። ቀጥሎ ያልታዘዘች ትንሽ ሳህን ትቀርባለች፤ ለውዝ፣ አይብ ወይም የተቀቀለ አትክልት። ስሟ «ኦቶሺ» ነው። የውጭ ሰው ሂሳብ ላይ የሚጣላው በእሷ ነው፤ የታሰበችው የወንበር ክፍያ ሆና ነውና። ብዙ ጊዜ ከ500 የን ጀምሮ ነው፤ 1,000 የን የሚያልፍበት ቤትም አለ።

አሁን ሃይቦል። ውስኪና ሶዳ ብቻ ስለሆነ ስህተትን የሚደብቅበት ነገር የለውም። ረጅም ብርጭቆ እስከ አፉ በረዶ ሙሉና በማንኪያ አሽከርክሩት፤ ብርጭቆው ሲቀዘቅዝ የቀለጠውን ውሃ ድፉት። 45 ሚሊ ሊትር ውስኪ ቅዱና ውስኪውም እንዲቀዘቅዝ ደግማችሁ አማስሉ። የጎደለውን በረዶ ጨምሩ። ከፍሪጅ የወጣ ሶዳ፣ ከ135 እስከ 180 ሚሊ ሊትር፣ በበረዶውና በብርጭቆው መካከል ባለው ክፍተት ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። በረዶው ላይ ካፈሰሳችሁት ጋዙ ይበተናል። በመጨረሻ ማንኪያውን እስከ ታች ሰድዳችሁ በረዶውን አንዴ ብቻ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት። እጃችን የሚያስቸግረው እዚህ ነው፤ ሦስት አራት ጊዜ ካማሰልነው መጠጡ ይሞታል። አገር ቤት በአምቦ ውሃ ለምትሞክሩት ደግሞ፦ አምቦ ማዕድኑ የራሱ ጣዕም ስላለው ለስላሳ ውስኪ ይጋፋል፤ ጠንከር ያለ ምረጡለት።

ሁለተኛውን መጠጥ እንግዳው ለማስተሩ ቢተውለት፣ ባምቡ ጥሩ ምርጫ ነው። ስሙ በጃፓን የወደብ ከተማ ዮኮሃማ ከነበረው ግራንድ ሆቴልና እዚያ ይሠራ ከነበረው ከሉዊስ ኤፒንገር ጋር ተያይዞ ይነሳል፤ ዘመኑ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። 40 ሚሊ ሊትር ደረቅ ሼሪ (አልኮሉ ጠንከር ያለ የስፔን ወይን)፣ 20 ሚሊ ሊትር ደረቅ ቬርሙት (በቅጠላ ቅጠል የተቀመመ ወይን)፣ ጥቂት ጠብታ የብርቱካን ቢተርስ (መራራ ቅመም)። ይማሰላል እንጂ በሼከር አይመታም። የተከፈተ ቬርሙት ፍሪጅ ካልገባ ይበላሻል፤ ባምቡ የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ከኋላ መደርደሪያ ላይ አንገታቸው ላይ ስም የተንጠለጠለባቸው ጠርሙሶች ታያላችሁ። ደንበኛው ጠርሙሱን በሙሉ ገዝቶ ያስቀምጣል፤ በመጣ ቁጥር ከራሱ ይቀዳለታል። የሚቆየው ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም ስድስት ወር ነው። ስሙ ተጽፎ ሲጠብቀው የሚያይ ሰው ይመለሳል፤ ይህን አሠራር እኔ በጣም እወደዋለሁ።

መኪና ይዞ የመጣ ካለ አልኮል አይቀዳለትም። በጃፓን ሕግ ጠጥቶ ከሚነዳው ሌላ፣ እያወቀ የቀዳለትም ይቀጣል። የእሱ መጠጥ አልኮል የለውም ተብሎ ጥራቱ አይጓደልም፤ ያው ጥርት ያለ በረዶ፣ ያው የቀዘቀዘ ብርጭቆ ይገባዋል።

ጉርሻ የለም። ባንኮኒው ላይ ገንዘብ ትታችሁ ብትወጡ፣ ረስታችሁት መስሎት ማስተሩ ደረጃ ወርዶ ይከተላችኋል። ቶኪዮ ውስጥ የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሚሄድ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ሂሳብ ይጠየቃል። ማስተሩ ከባንኮኒው ወጥቶ እስከ በሩ ይሸኛል፤ እንግዳው ከዓይኑ እስኪሰወር እዚያው ይቆማል። ከዚያ ተመልሶ ባንኮኒውን ይወለውላል፣ ወንበሩን ያስተካክላል፣ የነገውን በረዶ ጠርቦ ፍሪዘር ያስገባል።

አመሰግናለሁ። አሁን መጋዙንና መውጊያውን አምጡ፤ ግግሩ ማብረቅረቅ ጀምሯል።