የፍሪዘሩ ቁልፍ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ?

የተሰጠኝ ሰዓት አጭር ነው። ስለዚህ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሙያዬ አንትሮፖሎጂ፣ የሰውን ልጅ ባህልና አኗኗር ማጥናት ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ በሩን የከፈተውም የእኔው ሙያ ሰው ነው። እሱን ልብ በሉልኝ።

አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ፣ ግራንድ ካንየን ሥር ሱፓይ የምትባል መንደር አለች። መኪና አይደርስባትም። ፖስታዋ በበቅሎ ነው የሚወርደው። የሚኖሩባት ሃቫሱፓይ የሚባሉ ነባር ሕዝብ ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ (የማወራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የስኳር በሽታ በጣም አስጨነቃቸው። ለዓመታት ሲመላለስ የሚያውቁትን አንድ አንትሮፖሎጂስት መላ በለን አሉት። እሱም ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዘረመል ተመራማሪ አመጣላቸው። ከ1990 ጀምሮ ክንዳቸውን ዘርግተው ደም ሰጡ።

የፈረሙት ቅጽ ግን ከስኳር በሽታ የሰፋ ነበር። የባሕርይና የጤና ችግሮችን መንስኤ ስለማጥናት ይናገራል። ለብዙዎቹ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። ያመኑት ሰውየውን እንጂ ወረቀቱን አልነበረም። እኛስ ሐኪም ቤት “እዚህ ጋ ፈርሚ” ስንባል አንብበን ነው እንዴ የምንፈርመው?

ደሙ ፍሪዘር ገባ። ከዚያ ስኪዞፍሬኒያ ለሚባለው የአእምሮ ሕመም ጥናት ዋለ። የዘመድ ጋብቻን ለማጥናትም ዋለ፤ ይሄ እነሱ ዘንድ ነውር የሆነ ጉዳይ ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ከእስያ ተሻግረው መምጣታቸውን ለማሳየትም ዋለ። እነሱ ደግሞ የተገኘነው ከዚሁ ካንየን ነው ይላሉ። የመሬት መብታችንንም ይነካብናል ብለው ሰጉ።

በ2003 ካርሌታ ቲሉሲ የምትባል የሃቫሱፓይ ሴት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንድ የዶክትሬት ዲፌንስ ላይ ተገኘች። እዚህ ያላችሁ ተማሪዎች ዲፌንስን ታውቁታላችሁ፤ ስላይድ፣ ኮሚቴ፣ የተጨነቀ ልጅ። ስላይዱ ላይ ያለው የዘመዶቿ ደም ነው። እጇን አወጣችና ደሙን ለዚህ ለመጠቀም ፈቃድ አለህ ወይ ብላ ጠየቀች። ገለጻው ተቋረጠ።

ከዚያ ክስ መጣ። ዩኒቨርሲቲው ለክርክሩ ብቻ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። በ2010 ለ41 ሰዎች 700,000 ዶላር ከፍሎ ታረቀ። የገንዘቡን ስሌት ለጠበቆች እንተወው። እኔን የሚይዘኝ ደሙ የተመለሰበት ቀን ነው። ሰዎቹ ፍሪዘሩ ፊት ቆሙ። ደም ከሰጡት መካከል የሞቱም ነበሩ። አለቀሱ። በቋንቋቸው ዘመሩ።

ሌሎቹ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቫሆዎች በ2002 በምድራችን የዘረመል ምርምር ይቁም ብለዋል። የደቡብ አፍሪካ ነባር ሕዝብ ሳኖችም በ2017 የራሳቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ፀረ ሳይንስ ናቸው የሚል አይጠፋም። የሃቫሱፓይ ሰዎች ግን ተመራማሪ እንዲመጣላቸው የጠየቁት ራሳቸው ናቸው እኮ!

እኛም ይህን ነገር ከጤፍ እናውቀዋለን። እህሉ የእኛ፣ ፓተንቱ የሆላንድ ኩባንያ። የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ እስኪያደርገው ዓመታት ፈጀ።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቼ ደግሞ የዘር ሐረጋቸውን በዲኤንኤ ለማወቅ ቱቦ ውስጥ ምራቃቸውን ተፍተው ይልኩና “ይሄን ያህል ፐርሰንት እንዲህ ነኝ” ብለው ይደውሉልኛል። ኪም ቶልቤር የምትባል የነባር ሕዝብ ተወላጅ ምሁር ለዚህ መልስ አላት። የአንድ ሕዝብ አባል መሆን በዲኤንኤ ፐርሰንት አይወሰንም፤ ማን የእኛ ነው የሚለውን የሚወስነው ሕዝቡ ራሱ ነው ትላለች። ለዘመዶቼ ነግሬያቸዋለሁ። አልሰሙኝም።

ወደዚያ አንትሮፖሎጂስት ልመለስ። ክፉ ሰው ነበር አልልም። ግን ያመኑት እሱን ነበር፤ ያ እምነት ከደሙ ጋር ፍሪዘር ገባ። ስለዚህ ተማሪዎቼ ናሙና ልንሰበስብ ነው ሲሉኝ ቅጹን አልጠይቃቸውም፤ ቅጽማ ሁሉም አለው። የፍሪዘሩ ቁልፍ ማን ጋ ነው? እናንተ ስትመረቁስ ማን ጋ ይቀራል? እላቸዋለሁ። እስካሁን የመለሱልኝ ሁለት ናቸው።

አመሰግናለሁ።