በድምፅ ስትልክ የምትናገረው ተማሪ

እሺ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ዴር፣ ዲ፣ ዳስ፣ ስለ ጀርመንኛ ስሞች ጾታ ማለቴ ነው፣ አላወራም፤ ቃሌ ነው። የቅዳሜው ነገር ግን ከውስጤ አልወጣ አለኝ።

የጀርመንኛ ኤ1፣ የጀማሪዎች ደረጃ፣ ክፍሌን ታውቁታላችሁ። ሳምንቱን በቴሌግራም፣ ቅዳሜ በአካል። ቃላቱንና ማዳመጡን በስልክ ይጨርሱታል፣ ቅዳሜ ለመናገር ብቻ ትቀራለች። አብዛኞቹ የሚማሩት ጀርመን ያለ ባል ወይም ሚስት ጋ ለመሄድ ነው። ሥራ ውሎ የደከመን ሰው በየማታው ክፍል ና ማለት ይከብዳል።

እና ቅዳሜ የቃል ፈተናውን እየተለማመድን ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ መኖሪያ፣ ቋንቋ፣ ሥራ። ከዚያ ፈታኙ አንድ ቃል በፊደል ያስቆጥራል፣ ቁጥርም ይጠይቃል። ቁጥሩ ራሱ ጣጣ ነው፤ ሃያ አንድን «አንድና ሃያ» ነው የሚሉት። ስልክ ቁጥር ጥንድ ጥንዱን ሲነገራቸው እጃቸው ወደ ኋላ ወደ ፊት ሲል ብታዩ... ተዉት፣ እሱ ሌላ ቀን።

ተራዋ ደረሰ። በድምፅ መልእክት ሁሌ የምታስደንቀኝ ልጅ ናት። ስሟን መቁጠር ስትጀምር «ኤ» አለች፣ በእንግሊዝኛው። በጀርመንኛ ኤ ሲባል የሚጻፈው አምስተኛው ፊደል ነው። እንደ ፈታኝ ሆኜ፣ የሰማሁትን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አየችው። የሷ ስም አይደለም። ቆመች። ክፍሉ ጸጥ አለ። አላገዝኳትም፤ ፈታኙም አያግዛትም። ትንሽ ቆይታ በአማርኛ፣ «ቲቸር፣ ማታ በድምፅ ብልክልህስ?» አለችኝ። ከልቧ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ማታ ላከችው። ከኋላዋ ልጅ ያለቅሳል፣ ሰሃን ይንኳኳል። አንድ ፊደል አልሳተችም።

ስንቴ ቀድታ ስንቴ እንዳጠፋችው አላውቅም። ማጥፋት መቻሏ ነው እንድትናገር ያደረጋት? ወይስ ማጥፋት የማትችልበት ቦታ ስትደርስ የሚያስቆማት እሱው ነው? አንዳንዴ ሁለቱም ይመስለኛል። ስትመዘገብ እኮ አፏን አትከፍትም ነበር።

ደግሞ «ኦንላይን ስለሆነ ቀላል ነው» የሚል ሰው ያናድደኛል። እኩለ ሌሊት ላይ እያንዳንዱን ድምፅ ሰምቶ መልስ መስጠት ቀላል አይደለም። ግን እወደዋለሁ፣ እውነቴን ነው።

ረቡዕ ማታ ሁለት ሁለት እያደረግኩ በቀጥታ ስልክ ላገናኛቸው አስቤያለሁ። የማይጠፋ ንግግር፣ ግን ሰሌዳ የለም፣ የሚያይ ሰው የለም። ኔትወርኩ ከፈቀደ። ከማን ጋር እንደማጣምራት ነው ያልወሰንኩት። ፈጣን ልጅ ከሰጠኋት ትዋጣለች፣ ዝምተኛ ከሰጠኋት ደግሞ... እንጃ።