የአጭር ጊዜ ኪራይና ታክስ፦ ከደረሰኙ በፊት ካላንደሩ

[ስክሪን፦ የዓመቱ ካላንደር]

ይህ ቪዲዮ አሜሪካ ውስጥ ቤታቸውን በኤርቢኤንቢ ወይም በመሳሰሉት ለአጭር ጊዜ ለሚያከራዩ ነው። ታክስ ልትሠሩ ስትቀመጡ ደረሰኝ አትደርድሩ፤ መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ።

የምትኖሩበትን ቤት በዓመቱ ያከራያችሁት ከ15 ቀን በታች ከሆነ፣ የኪራዩን ገቢ ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) ማሳወቅ አይጠበቅባችሁም፤ የኪራይ ወጪም አትቀንሱም። 15 ቀን ከሞላ ግን ሁሉም ገቢ ይመዘገባል። ፎርም 1099-ኬ፣ ማለትም እንደ ኤርቢኤንቢ ያለው አከራዪ ድርጅት የተከፈለላችሁን ድምር የሚያሳውቅበት ቅጽ፣ አልደረሰኝም ብሎ መተው አይቻልም። ፎርሙ ከመጣ ደግሞ ድምሩ ባንክ ከገባላችሁ ሊበልጥ ይችላል፤ የድርጅቱ ኮሚሽን እዚያው ውስጥ ስላለ ነው። ሙሉውን አሳውቁና ኮሚሽኑን በወጪ ቀንሱ።

[ስክሪን፦ 90 ÷ 120 = 75%]

አንድ ቤት 90 ቀን ተከራየ፣ 30 ቀን ባለቤቱ ተጠቀመበት፣ በድምሩ 120 ቀን እንበል። የዓመቱ ኢንሹራንስ 1,200 ዶላር ቢሆን ለኪራይ የሚቀነሰው 75 በመቶው፣ 900 ዶላር ነው። መብራትና ውሃም እንዲሁ ይከፋፈላል። ለተከራይ ብቻ የወጣ፣ ለምሳሌ ኮሚሽኑ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀነሳል።

በዚሁ ቤት ላይ ሌላ ገደብም አለ። ባለቤቱ የተጠቀመባቸው የግል ቀናት ከ14 ቀን፣ ወይም ከተከራየበት ቀን 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው ካለፉ ወጪው ከኪራዩ ገቢ በላይ ሊቀነስ አይችልም፤ ኪሳራ ማሳየት አይቻልም ማለት ነው። 30 ቀን ከ14 ያልፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እህታችሁ መጥታ በነፃ ያረፈችባቸው ቀናት እንደ እናንተ የግል ቀን ይቆጠራሉ። ቀኑን ሙሉ ቤቱን ስትጠግኑ የዋላችሁበት ግን አይቆጠርም። ስለዚህ ማን መቼ እንዳደረ ያኔውኑ ጻፉ፤ በሚያዝያ ታክስ ስትሠሩ ማስታወስ አይቻልም።

የኪራይ ገቢ አብዛኛውን ጊዜ ስኬጁል ኢ በሚባለው የታክስ ቅጽ ላይ ይሞላል። እንግዳው እያለ በየቀኑ የምታጸዱ፣ ቁርስ የምታቀርቡ ከሆነ ግን ሥራው ወደ ሆቴል ይጠጋል፤ ወደ ስኬጁል ሲ፣ ማለትም ወደ ንግድ ገቢ ቅጽ ይሄዳል፣ 15.3 በመቶው የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስም (የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ የሚከፍሉት የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ) ይከተላል።

[ስክሪን፦ ቤትና መሬት ተለያይተው]

የእርጅና ቅናሽን አትዝለሉት። መሬቱ አያረጅም፤ ቤቱ ግን ያረጃል፣ ከዋጋውም በየዓመቱ የተወሰነው እንደ ወጪ ከኪራይ ገቢው ይቀነሳል። ባትቀንሱትም እንኳ ቤቱን በትርፍ ስትሸጡ አይአርኤስ እንደቀነሳችሁ አድርጎ ታክሱን ያሰላል። ያለፉት ዓመታት ካመለጧችሁ ከመሸጣችሁ በፊት ለታክስ ባለሙያችሁ ንገሩት፤ ማስተካከያ መንገድ አለው።