34 ፓውንድ ለማትረፍ ቫን ማጣት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ሒሳብ አያያዝ እንድናገር ነበር። ሰብሳቢውን አስፈቅጄ ርዕሱን አጠበብኩት። ዛሬ የማወራው ስለ ቀይ ናፍጣ ነው። እዚህ ለንደን ቫን የምትነዱ፣ ቅዳሜና እሁድ በየገበያው ድንኳን ተክላችሁ እንጀራ በወጥ የምትሸጡ ሁሉ ስትደውሉልኝ ይህ ጥያቄ አይቀርም። «አንድ ሰው በርካሽ ናፍጣ አለኝ ይላል፣ ችግር አለው እንዴ?»

አለው።

ቀዩ ናፍጣና ማደያ የምንቀዳው ነጭ ናፍጣ ያው ናፍጣ ናቸው። ሞተሩ አይለያቸውም። የሚለያቸው ቀረጡ ነው። መንግሥት በማርች 2022 የነዳጅ ቀረጥ ሲቀንስ፣ በአንድ ሊትር ነጭ ላይ 52.95 ፔንስ፣ በአንድ ሊትር ቀይ ላይ ደግሞ 10.18 ፔንስ ሆነ። ቅናሹ የታሰበው መንገድ ላይ ለማይውል ሥራ ነው፤ ለገበሬው ትራክተር፣ ለባቡር፣ ለዓሣ አጥማጅ ጀልባ። ሌላው ሰው እንዳይቀዳው ቀይ ቀለም ይጨመርበታል።

ነገሩ ለኛ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። አገር ቤት በሐምሌ 2014 የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲጀመር፣ የተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻዎች በቴሌብር እየከፈሉ ከሌላው ባነሰ ዋጋ እንዲቀዱ ተደርጎ ነበር። እዚያ ቅናሹን የሚለየው የመኪናው ምዝገባ ነበር፤ እዚህ ነዳጁ ራሱ ምልክት ይዞ ይዞራል። በሁለቱም አገር ግን ርካሽና ውድ ዋጋ ጎን ለጎን ከቆመ፣ መሐል የሚገባ ደላላ አይጠፋም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በዚያ በ2022ቱ ተመን በሊትር የቀረጡ ልዩነት 42.77 ፔንስ ነው። ሰልባትዮው፣ ማለትም የቫኑ የነዳጅ ታንክ፣ 80 ሊትር ቢይዝ፣ ቫቱን ትተን፣ 34 ፓውንድ ገደማ ይመጣል። ደላላው የራሱን ስለሚቆርጥ ለናንተ የሚደርሳችሁ ከዚህም ያንሳል።

አሁን ወዲያ ማዶ ያለውን እንይ። የእንግሊዝ ገቢዎች፣ ኤችኤምአርሲ የምንለው፣ መንገድ ዳር አስቁሞ ወይም ግቢያችሁ ድረስ መጥቶ ከሰልባትዮው ናሙና መውሰድ ይችላል። ቀይ ከተገኘ መኪናውን ሊይዘው፣ ሊወርሰውም ይችላል። ሊመልስላችሁ ይችላል፣ ግን በክፍያ፤ ያውም ከፈቀደ። ከዚያ ያልተከፈለው ቀረጥ ይሰላል። በሱ ላይ ከ250 ፓውንድ የሚጀምር ቅጣት አለ። ሆን ብሎ እንዳደረገው የተረጋገጠበት ሰው ፍርድ ቤት ሊቀርብ፣ ሊታሰርም ይችላል። ለመኪና እንደሚውል እያወቀ የሸጠውም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የቀረጡን ስሌት ነው። «ዛሬ አንዴ ብቻ ነው የቀዳሁት» ማለት ቀላል ነው። በምን ታስረዳላችሁ? የነጭ ናፍጣ ደረሰኝ ከሌላችሁ፣ መኪናው የሄደውን ማይል አይተው ወደ ኋላ ሄደው መገመት ይችላሉ። ያን ጊዜ የምትከራከሩት ስለ 34 ፓውንድ አይሆንም።

«ቀለሙ ታጥቦ ይሸጣል፣ አይታወቅም» የሚልም ሰምቻለሁ። መታጠቡስ ይታጠባል። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ፣ በተለይ ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር በሚያዋስነው ድንበር አካባቢ ባለው ደቡብ አርማ፣ ለዓመታት የተደራጀ የወንጀል ንግድ ሆኖ ቆይቷል። ቀለሙን በአሲድ ወይም ቀለም በሚመጥ አፈር ያወጡታል፤ የሚተርፈውን መርዛም ዝቃጭ መንገድ ዳር ጥለውት ይሄዳሉ። ማጽጃውን የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው። ስለዚህ እንግሊዝና አየርላንድ በ2015 በጋራ አዲስ ምልክት ነዳጁ ውስጥ አስገቡ። በዓይን አይታይም፣ እንደ ቀለሙም በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ ቀለሙ የታጠበ ናፍጣ ይዞ የተያዘ ሰው በቀላሉ አያመልጥም። በዚያ ላይ አሲድ ተርፎ የቆየበት ናፍጣ የመኪናችሁን ፖምፓ ይጨርሰዋል። ሜካኒክ ጓደኛ ያለው ይጠይቅ።

አሁን ወደ ጀነሬተር ልምጣ። ዛሬ የመጣሁት ይበልጡን ለዚህ ነው። ቫን ውስጥ ቀይ መጨመር ጥፋት መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ጀነሬተሩን ግን «መንገድ ላይ አይሄድ፣ ምን ችግር አለው» ትሉታላችሁ። ድሮ ልክ ነበራችሁ። ከኤፕሪል 1 ቀን 2022 ጀምሮ ግን ቀይ እንዲጠቀሙ የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር በጣም አጠረ። የግንባታ ማሽኖች ወጡ። በጭነት መኪና ላይ ያሉ ማቀዝቀዣዎች ወጡ። ለንግድ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጀነሬተርም ወጣ። መንግሥት ያቀረበው ምክንያት የአየር ብክለት ነው፤ በአገሪቱ ከሚቃጠለው ናፍጣ 15 በመቶ ገደማው ቀይ ነበር።

እርሻ፣ ደን፣ ባቡርና ዓሣ ማስገር ቀርተዋል። ተዘዋዋሪ ሰርከስና የጎልፍ ክለብም እንደዚሁ። አዎ፣ የጎልፍ ክለብ! የኛ የሽሮ ድንኳን የለችበትም። ፍትሐዊ ነው ወይ ካላችሁኝ፣ አይመስለኝም። ግን ለሳር ማጨጃ የተፈቀደው ለምጣዳችን አልተፈቀደም፤ ድንኳናችሁ ውስጥ ምጣድና ፍሪጅ የሚያሠራው የናፍጣ ጀነሬተር ነጭ ነው የሚቀዳለት።

የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ አባላትም እዚህ አላችሁ። ለንግድ ላልሆነ ማሞቂያና መብራት፣ የጸሎት ቤትን ጨምሮ፣ ቀይ አሁንም ይፈቀዳል። በዚያው ግቢ ለራሱ ትርፍ ምግብ የሚሸጥ ሰው ጀነሬተር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከአንድ በርሜል ሁለቱንም አትቅዱ።

ያገለገለ ጀነሬተር ወይም ቫን ስትገዙ ሰልባትዮውን እዩት። ቀይ ካለበት ሻጩ ፊት ፎቶ አንሱ፣ ናፍጣውን አስወጡት፣ ፊልትሮውን አስቀይሩ፣ የሜካኒኩን ደረሰኝ ያዙ። ያወጣችሁትን ቀይ ውኃ መውረጃ ውስጥ አትድፉ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። የማደያ ደረሰኝ የሚበትን ሰው ካለ ዛሬ ያቁም። ቀይ ናፍጣ የሚሸጥ ነጋዴ በገቢዎች መመዝገብ አለበት፤ በጀሪካን እየዞረ ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

ርካሽ ነዳጅ በሕግ ያለችበት አንድ ቀዳዳ ልንገራችሁ። ካገለገለ የምግብ ዘይት ራሱ ነዳጅ የሚሠራ ሰው በዓመት ከ2,500 ሊትር እስካላለፈ ድረስ ቀረጥ አይከፍልም። መዝገብ ግን መያዝ አለበት። ምግብ ቤት ያላችሁ ዓይናችሁ ሲበራ አየሁ! ኬሚካሉ ቀልድ ስላልሆነ፣ ከመጀመራችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

አሁን ወደ ጥያቄ እንግባ። የበጋው ባዛር ስለደረሰ ጀነሬተር ያላችሁ ቅድሚያ ይሰጣችሁ። በግል መጠየቅ የምትፈልጉ ቡናው ጋ አለሁ፤ የቫናችሁን ሰሌዳ ቁጥር አልጠይቃችሁም።